የላቦራቶሪው ቁጥርና የጊፋታ ስጋ

እኛ ሰዎች ከወንበር ጋር ያለን ነገር ግራ ነው። ለመቀመጥ ስንሮጥ እንውላለን፤ ተቀምጠን ደግሞ ሰው ሲገባ ብድግ ካላልን እረፍት የለንም። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ እንበል። ድንኳኑ ውስጥ ጥሩ ቦታ አግኝታችኋል፤ ነፋስ የማይመታው፣ ንፍሮው ቶሎ የሚደርሰው። አንድ ሽማግሌ ይገባሉ። ብድግ! «ኖር!» ትላላችሁ። «በእግዜር፣ በሞቴ ተቀመጡ» ይላሉ። ኧረ እዚህ ይቀመጡ፣ ኧረ አይሆንም ስትባባሉ እሳቸው ማዶ ሄደው ይቀመጣሉ። እናንተ ዘወር ስትሉ ቦታችሁ ላይ የማታውቁት ሰው እግሩን አነባብሮ ንፍሮ ይቆረጥማል። ምን ይባላል? በለቅሶ ላይ በወንበር ጠብ ይነሳል እንዴ?

እኔ አንድ ጊዜ እዚሁ ሶዶ እንዲህ ተነስቼ ቦታዬን አጣሁ። ወንድሜ ደግሞ ከውጭ መጣ። የት እንደተቀመጥኩ ቀድሞ አይቷል። ከኋላ በኩል ጎንበስ ብሎ፣ ፊት እንኳ ሳያይ፣ በዚያ ሰውዬ ጆሮ «ንፍሮ አታብዛ፣ ቤት ዶሮ ተሠርቷል» ብሎት ሄደ። ሰውዬው ምን ያድርግ? ተጋብዟል። ተከትሎን መጥቶ በላ። ደግነቱ ጨዋ ሰው ነበር፤ እስከ ዛሬ እንጠያየቃለን።

ይህን ያመጣሁት ስለ ኮምፒውተር ላወራችሁ ፈልጌ ነው። አትሳቁ። ኮምፒውተርም ለካ ብድግ ይላል፤ ቦታውንም ያጣል፤ የሱ ጉዳይም በሌላ ሰው ጆሮ ይነገራል። እኔ ይህን ያወቅሁት በአጎቴ እግር ምክንያት ነው።

የምሠራው ሶዶ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ስሙ ይቅር፤ የእንጀራ ጉዳይ አለበት። ካርድ ክፍል ነኝ። በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የኔን ፊት ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙዎቹ ከኔ ወደ ሐኪሙ ሲያልፉ ደስ የሚላቸው።

አጎቴ ጋሽ አንጁሎ ደግሞ ያባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የሚኖሩት ቦምቤ ነው። ለዘመዱ ሁሉ አባት እሳቸው ናቸው፤ ልጅ ሲዳር፣ መሬት ሲካፈል፣ የተጣላ ሲታረቅ ያለሳቸው አይሆንም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጊፋታ ነው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። በዚያን ቀን በሬው ታርዶ ስጋው ሲቀርብ፣ በእኛ ቤት ሥርዓት፣ ጋሽ አንጁሎ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ቆርጠው፣ በዳጣ፣ በዚያ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ ነክረው፣ አላምጠው ካልዋጡ ማንም ቢላ አያነሳም። ያ ሁሉ ዘመድ፣ ከአረካ የመጣው፣ ከሶዶ የመጣው፣ ምራቁን እየዋጠ አገጫቸውን ነው የሚያየው። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ ቀስ ብለው ያላምጣሉ።

እንግዲህ የኚህ ሰው እግር አበጠ። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ቀልቶ ጫማ እምቢ አለ። ሌሊት ብርድ ልብሱ ሲነካው እንኳ ይጮሃሉ አለች አክስቴ ወርቄ፣ ሚስታቸው። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ስለዚህ እሳቸውን እርስዎ፣ እሷን አንቺ ነው የምለው። ክሊኒካችን ይዛቸው መጣች። ሐኪሙ አየና ሪህ ሳይሆን አይቀርም አለ። ደማቸው ይታይ፤ ዩሪክ አሲድ የሚባለው ከበዛ ስጋ የሚባል ነገር ይቁም፤ ካልበዛ ሌላ እንፈልጋለን አለ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስም ስጋ አይብሉ ብሎ አዘዘ። ወሩ ነሐሴ ነበር። ጊፋታ በር ላይ ነው ማለት ነው። ነገሩ ገባችሁ? አጎቴ ስጋ አይብሉ ከተባለ ያን ሁሉ ዘመድ ማን ያስጀምረዋል?

ደማቸው ተቀዳ። ውጤቱ አልመጣም። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የጋሽ አንጁሎ ስም ባዶ ነው። ላቦራቶሪ ሲጠየቅ «ማሽኑ ሠርቶ ልኳል» ይላል። በሌላ ቀን ተመልሰው መጡ፣ በሚኒባስ፣ ያበጠ እግራቸውን ወንበር መሐል አጣጥፈው። ደም ተቀዳ። አሁንም ባዶ። ማሽኑ ራሱ ፊቱ ላይ ቁጥር አያሳይም ወይ ትሉ ይሆናል። ያሳያል፤ ግን የሚቀጥለው ሰው ደም ሲገባ የፊተኛው ይጠፋል፤ እኛ ጋ ደግሞ የሚቀጥለው ሰው ሁልጊዜ አለ።

አጎቴ ግን ውጤት አላጡም። በራሳቸው መንገድ አገኙት። «ሁለት ጊዜ ፈልገው ያጡት በሽታ፣ የለም ማለት ነው» አሉ። ቦምቤ እንደደረሱ ስጋ አስገዙ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ግን የደበቀው ሰውዬው አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ነው። ደብቆ ደብቆ ለአጎቴ ምሳ አደረገላቸው። በነጋታው እግራቸው ድስት አክሏል። አክስቴ ወርቄ ደወለችልኝ። «አንተ ልጅ፣ እዚያ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ? ያለውን ይንገሩን። ይብላ ካሉም ይብላ፣ ይተው ካሉም ይተው። ዝም ያለ ሐኪም ቤት ገደለኝ» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ለቅሶ ነበረበት። እኔም ጸጋነሽ ዘንድ ሄድኩ።

ጸጋነሽ የክሊኒካችን የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ኮምፒውተር የተማረች፣ የተማረችውንም የማትደብቅ። ትሕትና ሲታደል እሷ ኬብል ስታስር ነበር መሰለኝ። «ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?» ስትሏት «ስላልጠየቃችሁኝ ነው» ትላለች። ግን ልጆች፣ ስትሠራ ብታዩዋት! እኔ ሰው ሲሠራ ማየት እወዳለሁ፤ እሷን የመሰለ ግን አላየሁም። አትቸኩልም። ስክሪኑን ታየዋለች፣ ስክሪኑ ያያታል፣ መጨረሻ ላይ እሱ ያፍራል።

የዕቃ ክፍሉ ውስጥ፣ የጥጥ ካርቶኖቹ አጠገብ፣ አንድ ጥቁር ሰርቨር አለ። የክሊኒኩ ሥራ በሙሉ እሱ ውስጥ ነው። ጸጋነሽ እንደነገረችኝ ሰርቨሩ አንድ ይሁን እንጂ ሆዱ ውስጥ ኮንቴይነር የሚሏቸው የየራሳቸው ቤቶች አሉ። መናኸሪያው አካባቢ ያሉትን የብረት ሱቆች አስቡ። መሬቱ አንድ ነው፤ ሱቁ ግን ለየብቻ፣ ቁልፉ ለየብቻ፣ ዕቃው ለየብቻ። አንዱ የካርድ ክፍሉ ነው፣ አንዱ የላቦራቶሪው፣ አንዱ የፋርማሲው፣ አንዱ ለሥራ አስኪያጁ ሪፖርት የሚያዘጋጀው። እያንዳንዱ ደግሞ አድራሻ አለው። አድራሻው ቁጥር ነው። ማሽን ለማሽን ሲልክ «ለእገሌ» ብሎ ሳይሆን «ለዚህ ቁጥር» ብሎ ነው የሚልከው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ቁጥሩን የሰጣቸው የለም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮንቴይነሮቹ ከእንቅልፍ ይነሳሉ፤ ቀድሞ የነቃው የፊተኛውን ቁጥር ይይዛል፣ ቀጥሎ የነቃው ቀጥሎ ያለውን። ድሮ የመብራቱን መጥፋት የሚሸፍን ባትሪ ስለነበረ ሰርቨሩ አይተኛም፤ ስለዚህም ሁሉም በመጀመሪያው ቀን በያዘው ቦታ ነበር። ባትሪው ሲያረጅ ግን መብራት ሄደ በተባለ ቁጥር ሰርቨሩም አብሮ ይሄድ ጀመር። ሶዶ ላይ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ለናንተ አልነግራችሁም።

የደም መመርመሪያው ማሽን ደግሞ ግትር ነው። የተተከለ ቀን አንድ ቁጥር ተነግሮታል፤ ያቺን ብቻ ያውቃል። ኮንቴይነሮቹ ቦታ ሲለዋወጡ በዚያች ቁጥር ላይ ፋርማሲው ተቀምጦ ይገኛል። ማሽኑ የአጎቴን ውጤት ይዞ ሄዶ ያንኳኳል። ፋርማሲው «አላውቅህም» ይለዋል። ማሽኑም እንደ ወንድሜ ነው፤ ፊት አያይም። አድርሻለሁ ብሎ ወደሚቀጥለው ደም ይሄዳል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። «ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?» ብላት፣ «ለእያንዳንዱ ቋሚ ቁጥር መስጠት ነው። ቢተኛም፣ ቢነቃም፣ ቀድሞም ቢነሳ ዘግይቶ፣ የሱ ቁጥር የሱ ነው» አለችኝ።

ከጸጋነሽ አንድ ስህተት አየሁ ከተባለ ይህችን ነው፤ «ቋሚ» የምትለውን ቃል በሻይ ሰዓት ጮክ ብላ ተናገረቻት። እናንተዬ፣ ቋሚ የሚለውን ቃል ሰምቶ ዝም የሚል ሠራተኛ የት አገር አለ? ስኳሩ ሳይማሰል ወሬው ክሊኒኩን ዞረ። ለየክፍሉ ቋሚ ቁጥር ሊሰጥ ነው! በማን ቅደም ተከተል? ማን ወሰነ? የክሊኒኩ አስተዳዳሪ አቶ ማርቆስም ያለ ስብሰባ ምንም አይደረግም ብለው ስብሰባ ጠሩ።

የፋርማሲዋ ኃላፊ ቀድማ ተነሳች። ፋርማሲው ክሊኒኩ ሲከፈት ጀምሮ ያለ ክፍል ስለሆነ ትናንት ከመጣው ላቦራቶሪ ኋላ ሊሰለፍ አይገባውም አለች። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሳይንስ ይቀድማል አለ። እኔስ ዝም አልኩ መሰላችሁ? ለአጎቴ ብዬ የገባሁበትን ረስቼ፣ በሽተኛ መጀመሪያ የሚረግጠው ካርድ ክፍልን ነውና ቁጥራችን ዝቅ ያለ፣ ማለት ከፍ ያለ፣ ይሁንልን አልኩ። ጸጋነሽ ቁጥር ደመወዝ አይደለም፣ ሁለትም ሆነ ሁለት መቶ ለማሽኑ አንድ ነው ብትል የሰማት የለም። ለማሽኑ አንድ ይሁና፤ ለእኛ አንድ አይደለም! እኛ በሠርግ ድንኳን ማን ከማን በላይ ተቀመጠ ብለን ለዓመት የምንኮራረፍ ሰዎች ነን።

አቶ ማርቆስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ሌላው በኋላ እንነጋገራለን፣ አንድ ነገር ግን ክርክር የለውም አሉ። ቁጥር አንድ የሥራ አስኪያጁ ነው። የሪፖርቱ ኮንቴይነር ቁጥር አንድን ይያዝ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ትክክል ነዋ! አለቃ እያለ ማን አንድ ይሆናል?

ጸጋነሽ ብቻ አልነቀነቀችም። ቁጥር አንድ የተያዘ ነው አለች። በማን? በራውተሩ፣ ማለትም ሁሉም ወደ ኢንተርኔት በሚወጣበት በር። አቶ ማርቆስ ከልባቸው አዘኑ። «በር? እንግዲያ በረኛ ከሥራ አስኪያጅ ይቀድማል ማለት ነው? ይህን አንቺ ለሳቸው ትነግሪያቸዋለሽ?» አሏት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተጣልቶ ይወጣል። እሷ ፈገግ አለች። «እሺ። ልስጣቸው። ግን ሁላችሁም እያያችሁ ነው የምሰጣቸው» አለች። በሽተኛ የሌለበትን የምሳ ሰዓት መረጠች። የክሊኒኩ ሰው ምሳውን ትቶ የዕቃ ክፍሉ በር ላይ ተኮለኮለ።

አንዲት መስመር ጻፈች። በቃ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ አቶ ማርቆስ «አያችሁ?» ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ እጃቸው ላይ ያለው ስልክ፣ ኳስ እያሳየ የነበረው፣ ተጫዋቹን እግሩን እንዳነሳ ቀጥ አደረገው። የፋርማሲዋ ኃላፊ ኢንተርኔት ሄደብኝ አለች። የኔም ሄደ። የሁሉም ሄደ። ለካ ከክሊኒኩ መውጣት የሚፈልግ ሁሉ በሩን ፍለጋ ወደ ቁጥር አንድ ይሄዳል፤ አሁን በዚያ ቁጥር ላይ የሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ጉብ ብሏል። በር አይደለ፣ አያስወጣ። ያ ሁሉ መልእክት፣ ያ ሁሉ ኳስ፣ እሱ ላይ እየተላተመ ይመለሳል። ከከተማ ውጭ የነበሩት ሥራ አስኪያጅ ራሳቸው በስልክ ደውለው «ሪፖርቴ ለምን አይከፈትልኝም?» አሉ። ከሁሉም በላይ የከበሩት እሳቸው፣ ከሁሉ ቀድመው የተቸገሩትም እሳቸው።

«መልሺው! መልሺው!» አሉ አቶ ማርቆስ። መለሰችው። ምስጋና ይግባቸውና አቶ ማርቆስ ግትር ሰው አይደሉም። ከሰዓት በኋላ እሳቸው ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ። ምን ጊዜም ቁጥር አንድ የበሩ ነው፣ ይሄ የታወቀ ነገር ነው እያሉ ኮሪደር ለኮሪደር ሲያስረዱ ዋሉ።

ከዚያ ጸጋነሽ ያደረገችውን ላውራችሁ፤ እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። ለሁላችንም ኮንቴይነሮች ከላይ፣ ከፍ ካሉት ቁጥሮች ቦታ ሰጠቻቸው። እኛ እንደ ልማዳችን አጉረመረምን። ከተማ መሐል ቁጥር ጠፍቶ ነው ገጠር የምትወስደን? አልናት። እሷ ግን ምክንያት አላት። ታች ያሉትን ቁጥሮች ራውተሩ ለሚገባ ለሚወጣው ስልክ ሁሉ ያድላል። አስታማሚ ገባ፣ ስልኩ ካሉት አንዱን ቁጥር ያዘ፤ ወጣ፣ ለቀቀ። እዚያ መሐል ላቦራቶሪውን ብናስቀምጠው የአንዱ እንግዳ ስልክ መጥቶ እላዩ ላይ ይቀመጥበታል። ስለዚህ ላይኛውን ከልላ አጠረችው፤ ራውተሩንም ከዚህ መስመር አልፈህ ለማንም እንዳትሰጥ አለችው። ለግትሩ የደም ማሽንም አዲሱን የላቦራቶሪ ቁጥር ነገረችው። መሬት እንደሚያካፍል ሽማግሌ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ድንበሩን፣ ከዚያ ባለቤቱን።

ይህን ሳይ የጅምላ ነጋዴው ጋሽ ከድር ትዝ አሉኝ። ቤተሰባቸው ከስልጤ የመጣ፣ እሳቸው እዚሁ ሶዶ ገበያ ያረጁ ናቸው። መጋዘናቸው ውስጥ ጨው የጨው ቦታ ነው፣ ሳሙና የሳሙና ቦታ። ጨው ባያልቅም ቢያልቅም ቦታው ሌላ አይነካውም። አንድ ዘመዳቸው እሳቸው ለጸሎት መስጊድ በሄዱበት መጋዘኑን አሳምሮ፣ በቀለም በቀለም ደርድሮ ጠበቃቸው። ሲያዩት እውነትም ያምራል። ዓይናችሁ ይጠግባል። ሳሙና ግን ለሳምንት አልተገኘም። «ልጄ፣ ዕቃ ቢያምር ባያምር ግድ የለኝም፤ ስጠራው አቤት ይበለኝ» አሉት። ለጸጋነሽ ይህን ብነግራት «ሰውዬው ኔትወርክ ያውቃል» አለችኝ። ከሷ አፍ ይህ ትልቅ ሽልማት ነው።

ተጠናቀቀ ብለን ወደየሥራችን ስንሄድ፣ «ቆዩ፣ አላለቀም» አለች። ግድግዳው ጋ ሄደች። በገዛ እጇ የሰርቨሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው። እሪ አልን! የላቦራቶሪው ኃላፊ ራሱን ያዘ። መብራት ኃይል የሚሠራብን ሳያንስ ከውስጣችን ይብቀል? እሷ ግን መልሳ ሰካችው። ሰርቨሩ ተነሳ። ኮንቴይነሮቹ አንድ በአንድ ነቁ። ፋርማሲው ቀደመ፣ ላቦራቶሪው ኋላ ቀረ። አየን። ሁሉም የየራሱ ቁጥር ላይ ነው። ደግማ ነቀለች። ደግማ ሰካች። በዚህኛው ላቦራቶሪው ቀደመ። አሁንም የየራሱ ቁጥር። እኔ በበኩሌ ማጨብጨብ ጀመርኩ፤ ብቻዬን መሆኔን ሳይ ደግሞ እጄን እንደማፍተልተል አደረግሁ።

የባሰው መጣ። የላቦራቶሪውን ኮንቴይነር አጠፋችው። አጠፋችው ስላችሁ መዝጋት አይደለም፤ ጠራርጋ ደመሰሰችው። ውጤቶቹ የሚቀመጡት ሌላ ቦታ ስለሆነ አትፍሩ አለችን፤ እኛ ግን ፈራን። ከዚያ አዲስ ሠራች፤ ያው ቁጥር ላይ አስቀመጠችው። የደም ማሽኑ የሰማው ነገር የለም። ያቺኑ ቁጥር አንኳኳ፣ አዲሱ አቤት አለ፣ ሥራው ቀጠለ። እኛ ጋ እኮ ሰው ከቢሮ ሲነሳ ቢሮው አብሮት ይነሳል። ቁልፉን ይዞ፣ ፋይሉ የት እንዳለ ሆዱ ውስጥ ይዞ፣ ባለጉዳዩን በር ላይ ትቶ ይሄዳል። እዚህ ግን የተቀመጠው ሄደ፣ ቦታው ቀረ፣ የመጣው አገልግሎቱን ያዘ፤ ባለጉዳዩም አላወቀም። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር አስባ የምትሠራ ልጅ በከተማችን መኖሯ ደስ አለኝ፤ በፊቷም ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ።

ጊፋታ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አክስቴ ወርቄ ባሏን እየጎተተች አመጣች። ደም ሰጡ። መብራት በዚያው ሄዶ መጣ። ጋሽ አንጁሎ ፈገግ ሲሉ አይቻቸዋለሁ። ግን ገና የሸሚዛቸውን እጅጌ ቆልፈው ሳይጨርሱ ውጤቱ ሐኪሙ ፊት ቁጭ አለ። ስም፣ ቁጥር፣ ሁሉም ነገር። ሐኪሙ አየና ራሱን ነቀነቀ። ከልኩ በጣም አልፏል አለ። ስጋ ይቁም። ቀይ ስጋ፣ ጉበት፣ ጨጓራ፣ አረቄ፣ ሁሉም ይቁም። አለዚያ እግርዎ ብቻ ሳይሆን ኩላሊትዎም ይከተላል አላቸው። አክስቴ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ጋላታይስ» አለች፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ምሳቸው የተወሰደባቸው ባሏ አጠገቧ ቁጭ ብለው።

አጎቴ ሲወጡ ይህን ማሽን ያናገረው ማነው ብለው ጠየቁኝ። ጸጋነሽን አሳየኋቸው። «ሳሮ» ብለው ሰላም አሏት። እሷም ኮራ ብላ ከእንግዲህ መብራት ቢጠፋም ውጤት አይጠፋም አለቻቸው። «መብራት ቢጠፋም?» አሏት። «ቢጠፋም።» «ደግ አድርገሻል» አሉ። ፊታቸው ግን ደግ አድርገሻል አይልም ነበር። አክስቴ ወርቄ ግን ጸጋነሽን አቅፋ ሳመቻትና ለጊፋታ ቦምቤ ካልመጣሽ አኮርፍሻለሁ አለቻት።

ጸጋነሽ መጣች። ቤቱ ጢም ብሏል። በሬው ታርዷል፤ ስጋው በሰፊ ቅጠል ላይ መሐል ቀረበ፤ ዳጣው ከሩቅ ዓይን ያቃጥላል። ቢላዎቹ ተደርድረዋል። ማንም አይነካም። ሁሉም አጎቴን ያያል፤ የሐኪሙን ቃልም ሁሉም ሰምቷል። አንዱ ዘመድ ለምልክት ያህል ምላሳቸውን ያስነኩ አለ። ሌላው ታላቁ ልጃቸው ይጀምር አለ። «እኔ እያለሁ?» አሉ ጋሽ አንጁሎ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ፈራሁ። ያን ቁራጭ ቢውጡት እግራቸው፤ ባይውጡት ክብራቸው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

ቢላውን አነሱ። ቆረጡ። ጥሩ ቁራጭ ነበረች። ዳጣ ነከሯት። ይዘዋት ቆዩና ወደ ጸጋነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ቁጥርሽ ለዚህ ሳምንት ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ዞር ሊል አይችልም?»

«አይችልም ጋሼ። አስሬዋለሁ።»

«ነገ ደሜን ቢያዩት…»

«ወዲያው ለሐኪሙ ይደርሰዋል።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ወደ ጓዳው በር ዞረው «ወርቄ!» ብለው ተጣሩ። አክስቴ ውሃ የፈለጉ መስሏት ጆግ ይዛ መጣች። ይህች ሴት ለዚህ ቀን ቅቤውን ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመችው እሷ፣ ዳጣውን የፈጨችው እሷ፤ ስጋ የምትቀምሰው ግን ሁሉም ጠግቦ ቢላዎቹ ሲሰበሰቡ ነው። «አፍሽን ክፈቺ» አሏት። ምን? አለች። «ክፈቺ!» ያቺን የመጀመሪያ ቁራጭ በገዛ እጃቸው አጎረሷት። ጆጉን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ቢላዎቹ ተነሱ፣ ጊፋታ ገባ። እኔ ዳጣው ነው እያልኩ ዓይኔን ጠረግሁ።

ለአጎቴ የተቀቀለ ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ ቀረበላቸው። እያዩት፣ ሳይነኩት፣ ጸጋነሽን ዝቅ ባለ ድምፅ «ለሚመጣው ጊፋታ እንኳ ትፈቺልኛለሽ?» አሏት።

ጸጋነሽ ልትመልስ አፏን ስትከፍት አክስቴ ወርቄ ቀደመቻት። ገና አላምጣ አልጨረሰችም። ቀስ ብላ ነው የምታላምጠው።

«ልጄ፣ ያንን ቁጥር እንዳትነኪው» አለች።